ለሰርግና ለክርስትና፦ ያገለገለ ካሜራ ከነሌንሱ ወይስ ሃንዲካም?

የቡሬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለቤተሰብ የሚሆን መቅረጫ ልገዛ ነው፤ ለንግድ አይደለም። የሚቀረጸው የዘመድ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የልጆች የትምህርት ቤት በዓል፣ ጥምቀት፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ የፈረሰኞቹ በዓል ነው። ፎቶም ቪዲዮም እፈልጋለሁ። በጀቴ አንድ መካከለኛ ስልክ የሚገዛ ያህል ነው።

የቀረቡልኝ ሦስት ናቸው። አንዱ ካኖን 4000ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር፣ ያገለገለ። ሁለተኛው ሶኒ ሃንዲካም ሲኤክስ405፣ እሱም ያገለገለ። ሦስተኛው አዲስ ነው፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም፣ ካርቶኑ ላይ «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል፣ 16 እጥፍ ዙም» ይላል፣ ማይክና መብራት አብሮት አለ፣ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል። ሻጩ አጥብቆ የሚመክረኝ ይሄንኑ ነው። ስልኬ ደህና ነው፤ ግን ዙም ሲደረግ ምስሉ ይበላሻል፣ ሞንታርቦ ባለበት ደግሞ ድምፁ ይቀደዳል። የቱን ልውሰድ?

ጣና_ዳር

እህቴ፣ ሦስተኛውን ለሻጩ ተዪለት። 16 እጥፍ የተባለው ዲጂታል ዙም ነው፤ ሌንሱ ንቅንቅ አይልም፣ የምስሉን መሐል ቆርጦ ያሰፋዋል፤ ስልክሽ የሚያደርገውን ማለት ነው። 48 ሜጋፒክስሉም ከትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል ከሚሠራው ክፍል) የወጣ ምስል በሶፍትዌር ተለጥጦ የመጣ ቁጥር ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ የሌንሱን ፊት ዙሪያውን አንብቢ። ሲኤክስ405 ላይ 1.9-57.0 የሚል ተጽፎበታል፤ ትልቁን ለትንሹ ስታካፍዪ 30 ይመጣል፣ የሌንሱ እውነተኛ ዙም እሱ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ካርቶኑ የፈለገውን ቢል ሌንሱ ዙም የለውም። ማንበቡ ካስቸገረሽ ሱቁ በር ላይ ቁሚና ማዶ ያለ ታፔላ ላይ እስከ መጨረሻው ዙም አድርጊ፤ ፊደሉ ከተንጫፈረረ ነገሩ አልቋል።

የቀሩት ሁለቱ ሥራቸው ለየቅል ነው። ሃንዲካም አንዴ ከተጫነ ሜሞሪው ወይም ባትሪው እስኪያልቅ ይቀርጻል። እንደ 4000ዲ ያሉት የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ራሳቸውን ያቆማሉ። ብልሽት አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ጉምሩክ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀርጽን ካሜራ በቪዲዮ ካሜራ መደብ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጥልበት ስለነበር ፋብሪካዎቹ አስበው የገደቡት ነው። አንዳንድ አሮጌ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ፋይሉ 4 ጊጋ ሲሞላ ይቆማል፤ በሙሉ ኤችዲ ይሄ ወደ 12 ደቂቃ ነው። የተክሊል ሥነ ሥርዓት ለሚቀርጽ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ቆሞ እንደሆነ ካላየሽ ዋናው ነገር ያልፍሻል።

ብርሃን ላይ ግን 4000ዲ ይበልጣል። ሴንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው። የትንንሾቹ የኪስ ካሜራዎች የተለመደ ሴንሰር 6.2 በ4.6 ገደማ ስለሆነ በስፋት ወደ 12 እጥፍ ይበልጠዋል፤ የሲኤክስ405 ደግሞ ከኪስ ካሜራውም ያንሳል። ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ሃንዲካሙ ጥቁሩን ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ያደርገዋል። ከሃንዲካሙ ፎቶም አትጠብቂ፤ 9.2 ሜጋፒክስል ቢልም ሴንሰሩ ላይ ያለው 2.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስልክሽ የተሻለ ያነሳል።

ስለዚህ ቪዲዮው ከበለጠብሽ ሲኤክስ405 ውሰጂና ፎቶውን በስልክ አንሺ። ፎቶው ከበለጠ ካኖን ይሁን፤ ግን 4000ዲ አይሁን። የማይክ ቀዳዳ የለውም፣ ስክሪኑ አይዞርም፣ ቪዲዮ እየቀረጸ በራሱ ፎከስ አይከተልም፣ ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበቱ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው። ከሱ በፊት የወጡት 600ዲ እና 700ዲ (የ2011 እና የ2013 ናቸው) ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል፣ ስክሪናቸው የሚገለበጥ፣ የማይክ ቀዳዳ ያላቸው ናቸው። 700ዲ በቪዲዮም ፎከስ ይከተላል። ትንሽ ከጨመርሽ 200ዲ ከሁሉም የተሻለ ይከተላል።

ሌንሱ ላይ «አይኤስ» (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ) የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዪ። ከ4000ዲ ጋር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው 18-55 ይሄ የለውም፤ በእጅ ተይዞ ሲቀረጽ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ዳንግላ_ጥገና

ስለ ሦስተኛው ዕቃ የተባለው ልክ ነው። ሃንዲካሙ ላይ ግን አልስማማም። እህታችን ያማረረችው ድምፅ ነው፤ ሲኤክስ405 የማይክ ቀዳዳ የለውም። ሞንታርቦ አጠገብ ከቆመች ድምፁ እንደ ስልኩ ይቀደዳል። ቪዲዮ ካሜራ ከሆነ ምርጫዋ ካኖን ሌግሪያ አር806 ትፈልግ፤ የማይክ ቀዳዳ አለው፣ የሌንሱ ዙም 32 እጥፍ ነው፣ መደበኛ ኤስዲ ካርድ ይበላል። ኒኮን ለምትሉ ደግሞ ይቺን ያዙ፦ ዲ3200 እና ዲ3300 የማይክ ቀዳዳ አላቸው፤ ከነሱ በኋላ የወጡት ዲ3400 እና ዲ3500 የላቸውም። ቁጥሩ ጨመረ ብሎ አዲሱን የገዛ ሰው ማይኩን ይዞ ይቀራል። ሌላው፣ የነዚህ ኒኮኖች አካል ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌለ «ኤኤፍ-ኤስ» ያልተጻፈበት አሮጌ ሌንስ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም።

አሁን ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የሚታየውን ልንገርሽ፤ ካሜራው ሁሉ ሱቅ ውስጥ ደህና ነው የሚመስለው።

ሌንሱን አውልቂና የስልክ ባትሪ መብራት በአንድ ጎን እያበራሽ በሌላው ጎን ተመልከቺ። እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው። ትንሽ አቧራ ምንም አይልም፤ ሻጋታ ግን መስተዋቱን እየበላ ይሄዳል፣ ጠርገሽም አይለቅም። ቀጥሎ ሌንሱን መልሰሽ ኤፍ 22 ላይ (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ሲጠብ ማለት ነው) አድርጊና ፎከሱን አጥፍተሽ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሺ። ፎቶው ላይ የደበዘዙ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ነው፤ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነሻ ግን ይሆናል። የሌንሱን ክዳን ገጥመሽ የአንድ ሰከንድ ፎቶ ስታነሺ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ከበዛ ሴንሰሩ ደክሟል።

ስክሪኑን እያበራሽ ቀስ ብለሽ ገልብጪው፣ አዙሪው። በሆነ ማዕዘን ላይ ከጠፋ ወይም መስመር ከሠራ ማጠፊያው ውስጥ ያለው ሪበን (ስስ ጠፍጣፋ ገመድ) ሊበጠስ ነው። የማይክ ቀዳዳው ውስጥ ማይክ ሰክተሽ ገመዱን ነቅነቅ አድርጊ፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ከቦርዱ ላይ ለቋል። ባትሪው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከተወዛወዘ አብጧል። በመጨረሻ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይቅረጽ። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጊ።

ሃንዲካም ላይ ብቻ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ከአሜሪካና ከጃፓን የሚመጣው በሰከንድ 60 ወይም 30 ምስል የሚቀርጽ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ቪዲዮው ላይ ግን ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድ ጥላ ይሠራል። ሜኑው ውስጥ የጥራት ምርጫው ላይ 50 የሚል ካለ ጥሩ፤ 60 ብቻ ከሆነ ሶኒው ላይ መቀየር አይቻልም። የካኖን ፎቶ ካሜራዎቹ ላይ ግን ፓል (የ50ው) እና ኤንቲኤስሲ (የ60ው) የሚል ምርጫ አለ፤ ፓል አድርጊና ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሰከንድ ክፍልፋይ) 1/50 ወይም 1/100 ላይ አስቀምጪ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሶኒ ከሆነ ደግሞ ሜኑው ጃፓንኛ ብቻ ስለሆነ ቋንቋውን ሱቁ ውስጥ እያለሽ አረጋግጪ። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን አትርሺ።

ሰባት_ቤት

ለጥር 23 የምትመጪ ከሆነ 18-55 ሌንስ አያደርስሽም። 55 ላይ እንኳ ተደርጎ ሜዳው ዳር ለቆመ ሰው ፈረሱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው የሚታየው። ለፎቶ 55-250 የሚለውን ካኖን ሌንስ ጨምሪ። ለቪዲዮ ሃንዲካሙ እዚህ ላይ ያሸንፋል፤ ሰፊው ጎን እንደ 26.8፣ ሩቁ ጎን ከ800 ሚሊሜትር በላይ እንደ ማለት ነው። ግን እዚያ ርቀት ላይ በእጅ መያዝ አይሞከርም፣ ስታንድ ያስፈልጋል። ስታንዱም ጭንቅላቱ በዘይት የሚዞር ይሁን፤ የፎቶው ዓይነት ፈረሱን ሲከተል ይነቀነቃል።

የሚጋልብ ፈረስ ፎቶ ከ1/1000 ባልዘገየ ሻተር ነው የሚነሳው፤ 1/500 ላይ እግሩ መደብዘዝ ይጀምራል። ፎከሱን የሚከተለው ዓይነት ላይ አድርጊና የመሐሉን ነጥብ ብቻ ተጠቀሚ፤ የዳሮቹ ደካማ ናቸው። 4000ዲ በሰከንድ 3 ፎቶ ነው የሚያነሳው፣ 700ዲ 5። ለፈረስ ልዩነቱ ብዙ ነው። ሜዳው ላይ ሌንስ እንዳትቀይሪ፤ አቧራው በአንድ ጊዜ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።

ለጥምቀትም ለሰርግም የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር፣ ማንም የማይናገረው። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ያየው ሁሉ መሐከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው። ሕዝቡ ነጭ በነጭ ለብሶ ሲቆም «ብርሃን በዛ» ይልና ያጨልማል፤ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠቁራል። «+/-» የሚለውን ወደ +2/3 ወይም +1 ውሰጂው። ነጠላው ጥለቱ ሳይጠፋ እንዲታይ ከ+1 ባታልፊ ይሻላል። ቤት ውስጥ በቢጫ አምፖል ደግሞ ነጠላውን ስክሪኑ እስኪሞላ አንሺና የነጭ መለኪያውን በሱ አስተካክይ፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ቅቤ መምሰሉ ይቀራል። ድባብ ስር የቆሙ ካህናት ፊት ላይ የጨርቁ ቀለም ስለሚያርፍ እሱን በማስተካከያ አታገኚውም፤ ድባቡ ወደ ጎን ሲል ጠብቀሽ ማንሳት ነው።

የቡሬዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሦስተኛውን ትቼዋለሁ። 700ዲ ፍለጋ ልጀምር ነው። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ልብስ ላይ የሚሰካ የስልክ ማይክ አለኝ፤ ካሜራው ላይ ይሠራል? ሜሞሪ ስንት ጊጋ ይበቃል? መብራት ሲጠፋስ ባትሪው እንዴት ይሆናል?

ማርቆስ_ድምፅ

ስለ ማይኩ የመሰኪያውን ጫፍ አይተሽ ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠሪ። ሦስት ቀለበት ካለው የስልክ ነው፣ ሁለት ከሆነ የካሜራ። የስልኩን ካሜራ ላይ ብትሰኪው ወይ ድምፅ አይመጣም፣ ወይ ጭል ጭል ይላል። ከሦስት ወደ ሁለት የሚቀይር አጭር ገመድ አለ፤ ርካሽ ነው፣ ስትገዢ ግን አቅጣጫውን እዪ፤ ተቃራኒው ዓይነትም በብዛት አለና።

ለሞንታርቦ መድኃኒቱ ካሜራው ድምፁን በራሱ እንዳያስተካክል መከልከል ነው። 600ዲም 700ዲም ሜኑ ውስጥ የድምፅ ቀረጻን በእጅ የሚያስተካክል ምርጫ አላቸው። ሞንታርቦው ሲጮህ መለኪያው -12 አካባቢ እንዲደርስ አድርጊና ተዪው። 0 ላይ የነካ ድምፅ ተቀዷል፤ በኋላ በምንም ፕሮግራም አይመለስም። ያነሰ ግን ከፍ ይደረጋል፣ ስለዚህ ስትጠራጠሪ ወደ ዝቅተኛው።

አንዳንዱ ብልጥ ነኝ ብሎ ከሚክሰሩ መውጫ ገመድ ስቦ ቀጥታ ካሜራ ላይ ይሰካል። የሚክሰሩ መውጫ ለማይክ ቀዳዳ ብዙ እጥፍ ይበረታበታል፤ የካሜራው ድምፅ መቀነሻ ዝቅ ቢልም መግቢያው ላይ አስቀድሞ ይቀደዳል። መሐል ላይ ድምፅ የሚቀንስ ገመድ ይግባ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልሽ ግን ስልክሽን መቅጃ ማድረግ ነው። የስልኩን ማይክ ስልኩ ላይ እንዳለ ተዪው፤ ስልኩ ሽማግሌው ኪስ ይግባ፣ ማይኩ ኩታው ላይ ይሰካ፣ ስልኩ በረራ ላይ ይደረግ (ጥሪ ከገባ ቅጂው ይቆማል)። ካሜራው እየቀረጸ አንድ ጊዜ አጨብጭቢ። ኋላ ኮምፒውተር ላይ የሁለቱን ጭብጨባ ስታገጣጥሚ ምስሉና ድምፁ ይገናኛል። ቀረጻው ከአንድ ሰዓት ካለፈ ቀስ በቀስ ሊለያዩ ስለሚችሉ መሐል ላይ ደግመሽ አጨብጭቢ። ከመራቂው 30 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ማይክ፣ ካሜራ ላይ ተሰክቶ አምስት ሜትር ከራቀ ውድ ማይክ ይሻላል፤ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፣ የአዳራሹ ጫጫታ ግን ባለበት ነው። ጥምቀት ላይ ለነፋሱ ማይኩን የሚሸፍን ጸጉራም ጨርቅ ብቻ ጨምሪ።

ጣና_ዳር

ሜሞሪውን እኔ ልመልስ። 700ዲ በሙሉ ኤችዲ በደቂቃ 330 ሜጋ ገደማ ይወስዳል፣ በሰዓት ወደ 20 ጊጋ። 64 ጊጋ ሦስት ሰዓት ይይዝልሻል፤ ከአንድ 128 ግን ሁለት 64 ይሻላል፣ አንዱ ቢበላሽ ሰርጉ በሙሉ አይጠፋም። ካርዱ ላይ ክብ ውስጥ 10 የሚል ቁጥር ካለ ይበቃል፤ በሰከንድ 10 ሜጋ ይጽፋል ማለት ነው። ቀረጻው በራሱ ጊዜ እየቆመ ካስቸገረሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሜራው ሳይሆን የዘገምተኛ ካርድ ነው።

ፎርጂድ ካርድ ደግሞ ሞልቷል። 64 ብሎ ራሱን ያሳያል፣ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ፋይሎቹ ስማቸው ይታያል፣ አይከፈቱም። ገዝተሽ እንደመጣሽ ኤችቱ ቴስትደብልዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ካርድ አስጽፊና አስነብቢው፤ ለ64 ጊጋ ከሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ግን የሰርግ ዕለት ከማወቅ ይሻላል። ከዚያ ካርዱን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጊ፤ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። በስህተት የጠፋ ነገር ካለ ካርዱ ላይ ምንም ሳትቀርጪ አውጪው፤ ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። አዲስ ቀረጻ ከላዩ ካረፈበት ግን የለም።

ባትሪው ኤልፒ-ኢ8 ነው። ለቪዲዮ ቀን ሦስት ይኑርሽ፤ ፎርጂዱ ሦስት ጊዜ ረክሶ ሁለት ጊዜ ቶሎ ያልቃል። መብራት ካለ ኤሲኬ-ኢ8 የሚባል የባትሪ ቅርጽ ያለው መሰኪያ ሶኬት ላይ ያስቀርጽሻል፤ ሲጠፋ ግን ካሜራውም እኩል ይጠፋል፣ የተጀመረው ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ለዋናው ሥነ ሥርዓት ባትሪ ይሻላል።

ክረምት ላይ በተለይ ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ ሻጋታው የሚጀምረው ቦርሳ ውስጥ ነው። ጎማ ያለው የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ከረጢት ጋር ይቀመጥ፤ የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ስለሚይዝ ለማስቀመጫ አይሆንም። ከጮቄ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቢም ካሜራውን በፌስታል ጠቅልለሽ አስገቢና እስኪሞቅ አትክፈቺው፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቅር።

የቡሬዋ

700ዲ ተገኘ። ሌንሱ ንጹሕ ነው፣ አይኤስም አለው፣ ሴንሰሩም ደህና ነው። ስክሪኑ ግን ወደ ፊት ሲዞር ለአፍታ ይጠፋና ይመለሳል። ሻጩ «ሴቲንግ ነው» ይለኛል።

ዳንግላ_ጥገና

ሴቲንግ አይደለም፤ ስክሪኑ ሲገለበጥ ምስሉ መገልበጡ ነው ሴቲንግ፣ መጥፋቱ ሪበኑ ነው። ለማረጋገጥ ስክሪኑን ጠፍቶ በነበረበት ማዕዘን ላይ ያዢና ማጠፊያውን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን አድርጊው፤ ከበራ ጨርሷል። ሪበኑ ተለይቶ ይሸጣል፣ ለመቀየር የስክሪኑ ማቀፊያ ይፈታል፣ ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፤ ሥራው ግን ለለመደ ሰው ነው። የሪበኑንና የሠራተኛውን ዋጋ ጠይቂና ከሚጠራው ላይ አስቀንሺ። ካልቀነሰ ዕቃው ይቆይ፤ እስከዚያ ስክሪኑን ካሜራው ጀርባ ላይ አጥፎ እንደ መደበኛ ካሜራ መጠቀም ይቻላል ካለሽም አትመኚው፣ ሪበኑ ጨርሶ ከተበጠሰ እዚያም ቦታ ላይ ይጠፋል፤ ቪዲዮ ደግሞ በዓይን ማያው አይታይም።